ሰባተኛዋ ላም

ዛኪር አሰላ ከተማ ውስጥ ሞባይልና ቻርጀር በሚሸጥበት ሱቁ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ የማይሸጥ አንድ ዕቃ ነበረው። አንድ ፓኬት መጫወቻ ካርታ ነው። ላስቲኩ አልተቀደደም፣ ማኅተሙም አልተነካም። ጎኑ ላይ «1/200» የሚል ቁጥር ታትሞበታል። ደንበኛ ዋጋውን ሲጠይቀው «እሱ አይሸጥም» ይላል። በልቡ ግን ከስንት በታች እንደማይሰጠው ከወሰነ ቆይቷል። እናቱ ሱቁ በመጡ ቁጥር ዕቃውን በጎን እያዩ «ቁማር ከነማሸጊያው!» ይሉና ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰርግ ላይና የትምህርት ቤት በዓል ላይ ማጂክ የሚሠራ ልጅ ስለወለዱ አላህ የፈተናቸው ይመስላቸዋል።

ማጂኩን ያስተማሩት ኦቦ ቱፋ ናቸው። ኦቦ ቱፋ በወጣትነታቸው ስዊድኖቹ ባቋቋሙት የእርሻ ፕሮጀክት ጋራዥ ውስጥ የሞተር አጣቢ ነበሩ። ክረምት ገብቶ ትራክተሮቹ ጭቃ ፈርተው ሲቆሙ፣ አንድ ፈረንጅ መካኒክ ካርታ እያወጣ ያጫውታቸው ነበር። መካኒኩ ወደ አገሩ ሲመለስ ካርታውን ትቶላቸው ሄደ። ኦቦ ቱፋ በዚያ ካርታ ዓመታት ለፍተው የራሳቸውን ጨዋታ ፈጠሩ። ስሙን «ሎን ገሌ» አሉት፤ ከብቶቹ ገቡ ማለት ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሰባት ሰዎች ሰባት ካርታ ይመርጣሉ። ካርታዎቹ ተመልሰው ይደባለቃሉ። ከዚያ ኦቦ ቱፋ እንደ ላም በየስማቸው ይጠሯቸዋል፤ «ቡሬ!» ሲሉ አንዷ ከላይ ብቅ ትላለች፣ «ዳለቻ!» ሲሉ ሌላዋ ከሥር። ስድስቱ እንዲህ እየተጠሩ ይገባሉ። ሰባተኛዋ አትመጣም። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሲፈልጋት፣ አንድ ቀን ከሙሽራው ጫማ፣ አንድ ቀን ካልተቆረሰ ዳቦ ውስጥ ትወጣለች። ሲሬ ላይ አንድ ሽማግሌ ከገዛ ጥምጣማቸው ሲያገኟት ለሦስት ቀን ከቤት አልወጡም ይባላል። ዛኪር ይህን ጨዋታ አርባ ጊዜ አይቶታል። አርባውንም ጊዜ ሰባተኛዋ እንዴት እንደሄደች አላየም።

ካርታ የማሳተሙ ሐሳብ የዛኪር ነበር። የአዲስ አበባና የየክልሉ ማጂክ ሠሪዎች የተሰበሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ፣ ውጭ አገር በጥቂት ቁጥር ታትመው የሚሸጡ ካርታዎች እንደ ወርቅ ሲፈለጉ አይቷል። «ጋሼ፣ የእርስዎን ጨዋታ የሚሸከም የራሳችን ካርታ እናሳትም» አላቸው። ኦቦ ቱፋ ጀርባው ላይ የምትታተመውን ላም በእርሳስ ሳሉ። ቀንዷ በየካርታው በጥቂቱ ይለያያል፤ በአሮጌው ካርታ ጀርባ በጥፍራቸው የጫሩትን ምልክት የምትተካው እሷ ናት፤ ጨዋታው ያለዚያች ቀንድ አይሠራም። በየፓኬቱ ውስጥ ስድስቱ ከብቶች እንዴት እንደሚገቡ የሚያስረዳ አንድ ተጨማሪ ካርታ ገባ። ግርጌው ላይ የኦቦ ቱፋ ስልክ ቁጥር አለ፤ ከሥሩም፦ «ስድስቱን ያስገባ ይደውልልኝ። ሰባተኛዋን በአፌ እነግረዋለሁ።»

«ለምን እሷንም አንጽፋትም?» ብሎ ዛኪር ሞግቷቸው ነበር።

«ሳትለፋ ያነበብከውን ትጥለዋለህ» አሉ ኦቦ ቱፋ። «እኔ ያችን ላም ለማስገባት አስራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ስድስቱን ለማስገባት እንኳ ያልደከመ ሰው ምን ያደርግባታል? የደከመው ይደውል። ድምፁን ልስማው። ሲሆን ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ አንተ ትደውልልኛለህ።»

ካርታው ከውጭ ታትሞ መጣ። ዛኪርም ያን ጊዜ አንድ ነገር ጻፈ። ሰው በዕድሜው ስንት ነገር ይጽፋል፤ የሚያስጠይቀው ግን ብዙ ጊዜ ሳያስብ የጻፈው ነው። ግሩፑ ላይ የፓኬቱን ፎቶ ለጠፈና ከሥሩ «ሁለት መቶ ብቻ! ሁለተኛ አይታተምም! የታሸገ ካርታ፣ የታሸገ ሀብት!» አለ። በዘጠኝ ቀን አለቀ። ለናሙና የመጣውን፣ ብቸኛውን ያልታሸገ ካርታ ሳይቀር «ከዚህ በላይ ብርቅ የለም» ብሎ ሸጠው። ለራሱ ቁጥር አንድን አስቀረ፤ መስታወቱ ጀርባ ያለው እሱ ነው።

ኦቦ ቱፋ ባለቁልፍ ስልካቸውን በክር አሥረው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው መጠበቅ ጀመሩ። መስጊድ ሲሄዱም፣ ፀሐይ ሲሞቁም ከእጃቸው አይለዩትም። ሲጮህ ይደነግጡና ይጫኑታል። ወይ ልጃቸው ኢፍቱ ናት፣ ወይ ሽልማት ደርሶዎታል የሚል አታላይ። ዛኪር ሊጠይቃቸው ሲመጣ ሰላምታውን ሳይጨርሱ «ማንም አላስገባም?» ይሉታል።

«ገና ነው ጋሼ። ከባድ ጨዋታ አይደል?»

አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ግማሽ ዓመት አለፈ። ዛኪር የጠረጠረውን ለማረጋገጥ አዲስ አበባ ላለው በእውቀቱ ደወለለት። በእውቀቱ አሥራ አንድ ፓኬት የገዛ ሰብሳቢ ነው።

«እንዴት ነው፣ ጨዋታውን ሞከርከው?»

«የምን ጨዋታ?»

«ውስጡ ያለውን ነዋ!»

በእውቀቱ ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ ልትፈትነኝ ነው? እኔ የታሸገ ሀብት ልቀድ? ካዝና ውስጥ ነው ያሉት። ከፍቼዋለሁ ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።»

ያን ቀን ዛኪር ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ያ ሁሉ ሰው የሽማግሌውን ጥሪ ገዝቶ ቤቱ አስቀምጧል፤ አንድም ያነበበው የለም። ያሸገው ደግሞ ላስቲኩ አይደለም፣ የእሱ የገዛ አፍ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያም ሆኖ ሊያሽ ሞከረ። ግሩፑ ላይ «እባካችሁ ክፈቱት! ካርታው የተሠራው ለመጫወት ነው። ውስጡ መልእክት አለ!» ብሎ ጻፈ።

መልሱ ጭብጨባ ሆነ። «ክፈቱ፣ ክፈቱ!» አሉ ሁሉም እርስ በርሳቸው። እያንዳንዱ ሌላው እንዲከፍት እንጂ እሱ ሊከፍት አልፈለገም፤ ሌሎቹ በከፈቱ ቁጥር የእሱ ይወደዳላ። ማታ በእውቀቱ ደውሎ «አንተማ የንግድ ሊቅ ነህ! ክፈቱ ካልክ ወዲህ እኮ ዋጋው እጥፍ ገባ!» አለው።

የሆነውን ሁሉ ለኦቦ ቱፋ ነገራቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። በመጨረሻ ስልካቸውን በአውራ ጣታቸው እያሹ «አንተስ ከፈትከው?» አሉት።

«ነገ እከፍተዋለሁ ጋሼ። ስድስቱን ላስገባና እኔው እደውልልዎታለሁ።»

«ነገ» አሉና አንገታቸውን ነቀነቁ።

ዛኪር ያን ምሽት ፓኬቱን ከመስታወቱ ጀርባ አወጣ። ጥፍሩን ላስቲኩ ጫፍ ላይ አደረገ። ቁጥር አንድ ነው፤ ከሁለት መቶው አንድ ቁጥር አንድ ብቻ ነው ያለው። መልሶ አስቀመጠው። ነገ ዛሬ ሲል ሰኔ አልፎ ኅዳር ገባ። መምህሩ ቤት ለመድረስ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር፣ መምህሩም ጤነኛ ነበሩ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

በኅዳር አጋማሽ አንድ ጠዋት ኦቦ ቱፋ ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ተኝቶ ቀረ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። የሚወጣቸው ድምፅ «እ… እ…» ብቻ ነው። ኢፍቱ እርሳስ በግራ እጃቸው ብታስይዛቸው ፊደሉ ተምታታባቸውና ወረቀቱን ገፉት። ስልኩን ግን ሊነጥቋቸው ሲሉ አለቀሱ። ኢፍቱ በየቀኑ ቻርጅ እያደረገች ትራሳቸው አጠገብ ታስቀምጥላቸዋለች።

ስልኩ የጮኸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዛኪር አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ነው። ያን ዕለት ቁጥር አንድ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር። የበእውቀቱ ሰው አሥር ሰዓት ላይ መናኸሪያ ገንዘቡን ከፍሎ ሊቀበለው ተቀጣጥረዋል። ለኦቦ ቱፋ ሕክምና ነው ብሎ ለራሱ ነግሮታል፤ ግማሹ እውነት ነበር።

የማያውቁት ቁጥር ነው። ኢፍቱ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው።

«ሄሎ? ኦቦ ቱፋ ናቸው?» አለች አንዲት ሴት። «አካም ጂርቱ አባባ? ፈይሩዛ እባላለሁ፣ ከጢቾ ነው የምደውለው። አስተማሪ ነኝ። እጮኛዬ ካርታ ሰጥቶኝ… እንዳትከፍቺው ብሎኝ ነበር፣ ግን ላሚቱ ደስ አለችኝና ከፈትኩት። እስካሁን አልነገርኩትም።» ሳቋ ተሰማ። «አባባ፣ ዛሬ ስድስተኛዋን አስገባኋት! አራት ወር ፈጀብኝ። ተማሪዎቼ አበዱ እኮ!»

ኦቦ ቱፋ ዓይናቸው ፈጠጠ። ግማሽ ፊታቸው ሳቀ። ግራ እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘርግተው «እ… እ… እ…» አሉ፤ ምራቅ በአገጫቸው ወረደ፣ ኢፍቱ ጠረገችላቸው።

«አባባ? ይሰሙኛል?»

ዛኪር ጉሮሮውን ጠረገና የደረሰባቸውን ነገራት።

«ያ ረቢ» አለች ፈይሩዛ። «አንተ ማነህ?»

«ዛኪር እባላለሁ፣ ተማሪያቸው ነኝ። ካርታውን ያሳተምኩት እኔ ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! እንግዲያው አንተ ንገረኛ። ሰባተኛዋን።»

«አላውቀውም» አለ ዛኪር።

«እንዴት አታውቅም?»

«ስድስቱን አላስገባሁም። የእኔን… አልከፈትኩትም።»

ዛኪር ስድብ ቢመጣ በወደደ። እጁን ኪሱ ከተተና ፓኬቱን አወጣ፣ ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደው። ማኅተሙ ለሁለት ተከፈለ። ያ ሁሉ ወር የፈራው ነገር አንድ ትንፋሽ አልፈጀበትም። ካርታዎቹን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጋና የኦቦ ቱፋን ግራ እጅ ይዞ ላያቸው ላይ አስቀመጠው። «ጋሼ፣ ያሳዩኝ። በጣትዎ ብቻ ይጠቁሙኝ።»

ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ። አንዷን ካርታ ገፉ፣ ሌላዋን ጎተቱ። ከዚያ መላው ክምር ተንሸራቶ ወለል ላይ ተበተነ። ኦቦ ቱፋ ካርታው የት እንደሄደ ለማየት አንገታቸውን ሊያቀኑ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም።

«ቆይ» አለች ፈይሩዛ፣ አስተማሪ ናትና። «እኔ ልጠይቃቸው፣ ራሳቸውን ይነቅንቁ። አንተ ንገረኝ። አባባ፣ ሰባተኛዋን የምደብቃት ገና ከመጀመሪያው ነው?»

ኦቦ ቱፋ ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ።

«አዎ አሉ!» ብሎ ዛኪር ጮኸ። ኢፍቱ ግን ወደ መስኮቱ ዞረች። ይህን መነቅነቅ ታውቀዋለች፤ ውሃ ይጠጣሉ ስትላቸውም፣ ውሃ አይጠጡም ስትላቸውም እንዲሁ ነው።

«ወይስ ስድስቱ ገብተው ካለቁ በኋላ ነው?» አለች ፈይሩዛ ለማረጋገጥ ያህል።

ኦቦ ቱፋ እንደ ቅድሙ፣ በዚያው ደስታ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዛኪር ኢፍቱን አያት። አልዞረችም።

«በግራ እጅ ነው? በቀኝ ነው አባባ?»

ነቀነቁ። ዓይናቸው ከስልኩ ላይ አልተነሳም። አንድ ሰው ደውሎላቸዋል፣ ከብቶቹን አስገብቷል፤ እሳቸውም ያላቸውን ሁሉ እየነገሩት ነው።

«ዛኪር?» አለች ፈይሩዛ። እስክሪብቶ ስትከፍት ተሰማ። «ምን አሉ?»

ዛኪር ወለሉ ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ ካርታ ሲለቅም ነበር።

«አዎ አሉ» አላት።