የሁለት ቀን መርዶ

ስልኩ የጮኸው ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መምህር ሙሉሰው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆሞ፣ አልበራ ያለውን ፕሮጀክተር እየተራገመ ነበር። ደዋዩ ሙላቴ ነው፤ ተማሪው የሆነችው የሕሊና አጎት። ሙላቴ የሰላምታ ሰው ነው፤ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ የመምህሩን እናት ጤና አንድ በአንድ ሳይጠይቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። ያን ቀን ግን «እንደምን አደሩ» ብሎ ዝም አለ። ሙሉሰው የደብረ ታቦር ልጅ ነውና የዚያ ዝምታ ትርጉም ገና ሳይነገረው ገባው።

«ወንድሜ ካሳው ዐረፈ» አለ ሙላቴ። «ሌሊት ሆዴን አለ፤ በቃሬዛ ተሸክመነው ወጣን፤ ጤና ጣቢያው ሳንደርስ መንገድ ላይ አለፈ። ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው። የሕሊና እናት ካሰች ‹ልጄ አባቷን ትቅበር፣ አምጡልኝ› ትላለች። ሽማግሎቹ ደግሞ ‹ትልቅ ጉዳይ ይዛለች፣ መርዶዋን ከውድድሯ ስትመለስ ትስማ› አሉ። እኔ መሐል ቤት ቀረሁ። አንቱ እንደ አባቷ ነዎት፤ እንዴት ላርግ? ትመጣለች ካሉኝ ፍትሐቱን አስረዝመን እንጠብቃታለን።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ስለ ውድድሩ መንገር ይገባል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የንግድ ሐሳብ ውድድር ነው፤ ቅዳሜ አዲስ አበባ ላይ፣ ከጉባኤ ጋር። ከመላ አገሪቱ ዐሥራ ሁለት ቡድን ተመርጧል፤ አንዱ የሙሉሰው ነው፤ አባላቱ ሕሊናና ታሪኩ። ሐሳባቸው የዘር ድንች መደርደሪያ ነው። ደጋው ላይ ገበሬው ለዘር ያስቀረውን ድንች ጨለማ ቤት ውስጥ ይከምረዋል፤ ግማሹ ይበሰብሳል፣ የቀረውም ቀጭን ነጭ ቡቃያ ያወጣና ሲተከል ይሰበራል። የሕሊና አባት ካሳው ግን ከአንበሳሜ ወዲያ ባለችው መንደሩ፣ ማንም ሳያሳየው ከባሕር ዛፍ ርብራብ ደራርቦ መደርደሪያ ሠራ፤ ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥርም አቆመው። ድንቹ አረንጓዴ ሆነ፣ ቡቃያውም አጭርና ጠንካራ። ሕሊና ይህንን ተፈታትቶ የሚገጠም፣ በአህያ የሚጫን ዕቃ አድርጋ ለመሸጥ ነው ያቀደችው። ለውድድሩ የሚታየውን ናሙናም ካሳው ራሱ ጠርቦ ልኮላታል።

ሙሉሰው ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነበረው፤ አልዋሽለትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቡድን አሠልጥኖ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመጀመሪያው ማጣሪያ ተመልሶበታል። ባልደረቦቹ ሻይ ቤት ተቀምጠው «የሙሉሰው ልጆች ለሽርሽር ነው የሚሄዱት» እያሉ ያሙታል። ዘንድሮ ሕሊናን አገኘ። እሷ ለመናገር ስትቆም ሰው ስልኩን ኪሱ ይከታል። ታሪኩ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ስሌቱን ከራሱ ጠጉር በላይ ያውቀዋል፤ ሰው ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ያለ ሕሊና ውድድር የሚባል ነገር የለም።

ይህን ሁሉ አስቦ ነው ወይስ አፉ ቀደመው? እሱም ራሱ አያውቅም። ብቻ «ወይ ጋሽ ሙላቴ! ዛሬ ሌሊት እኮ ተነሥተናል። ወደ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነን» አለ።

«እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ነው» አለ ሙላቴ። «በሰዓቱ እንቀብረዋለን። አደራዎትን፣ ሰው አገር እንዳትሰማ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሙሉሰው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የሚነሡት ሐሙስ ነው። ከደብረ ታቦር ሐሙሲት በሚኒባስ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ወደ አንበሳሜ የሚወጣ መኪና አይጠፋም። አሁን ቢነግራት ትደርሳለች። እሱ ግን በባህሉ ተሸፈነ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ፣ በትምህርት ቤት፣ በመንገድ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ፣ ሰውየው ቤቱ እያለ ነው የሚያረዱት። ልክ ነው። ባህሉ የተበጀው ግን ሐዘንተኛው በድንጋጤ እንዳይጎዳ ነው እንጂ መምህር ከውድድር እንዳይቀር አይደለም። ሙሉሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ለታሪኩ እንኳ ያልነገረው ለዚህ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ፕሮጀክተሩን እንደገና መነካካት ጀመረ።

ልምምዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ሕሊና እየሳቀች ገባች፤ ቦርሳዋን ወርውራ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አባቴ ካሳው ይባላል» ብላ ጀመረች። «ከሁለተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ድንቹ ሲበሰብስበት ግን ወደ ማንም አልሄደም። አንድ ቀን ጎተራው በር ላይ ተቀምጦ ‹አንተ ድንች፣ ምን ጎደለህ?› ሲለው እናቴ ሰማችና አበደ ብላ ጸበል ልትወስደው ነበር።»

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ራሷ ትስቃለች፤ ታሪኩም አብሯት ይስቃል። ሙሉሰው ሰዓት ይዟል። የተፈቀደላቸው አምስት ደቂቃ ነው፤ እሷ ስትጨርስ አርባ ሰከንድ አሳለፈች።

«የአባትሽን ብናሳጥረውስ?» አለ ታሪኩ።

«እሱን እንዳትነኩት!» አለ ሙሉሰው። ድምፁ ከልክ በላይ ጮኸና ሁለቱም ዞረው አዩት። «ማለቴ፣ ዳኞቹን የሚይዝልን እሱ ነው። ከሌላው ቀንሺ። በይ እንደገና።»

እንደገና ጀመረች። አባቴ ካሳው ይባላል። ሙሉሰው ዓይኑን ከሰዓቱ አላነሣም፤ ስድስት ሆነ፣ ስድስት ከሩብ ሆነ። አሁን ካህናቱ ወጡ፣ አሁን አወረዱት እያለ በልቡ ይከተላል። አራት ጊዜ አስደገማት። በአራተኛው ልክ አምስት ደቂቃ ሞላና ታሪኩ አጨበጨበ። መምህሩ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ ብሎ እየጠራረገ ወደ ውጭ ወጣ።

ረቡዕ ቀን ሕሊና ስትደውል የአባቷ ስልክ ዝግ ሆነባት። ለአጎቷ ደወለች፤ የእሱም ዝግ ነው። ወደ ሙሉሰው መጣች።

«ኔትወርክ ነው» አላት። «በዚያ በኩል ከሰኞ ጀምሮ የለም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

አመነችው። መምህሯን ለምን አታምነው? እሱም ያን ቀን እንደሆነው ደግ ሆኖ አያውቅም፤ ምሳ ጋበዛት፣ የናሙናውን እንጨት ራሱ አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቀለለ፣ ስሟ የታተመበትን የቡድን ሸሚዝ ከልብስ ሰፊው ቤት ሄዶ አመጣላት። ሁለት ጊዜ ሊነግራት አፉን ከፈተ። በመጀመሪያው ታሪኩ ደረሰ። በሁለተኛው ማንም አልመጣም፤ ፈርቶ ነው የተወው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሙሉሰው ግን እስከ እሑድ ብቻ ይቆይልኝ እያለ ይለምን ነበር።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ እንነሣ ያለው እሱ ነው። ምክንያቱን አልተናገረም፤ ሐሙሲትን ገበያው ሳይሞላ ለማለፍ ነው። የካሳው አገር ሰው በገበያ ቀን ወደዚያ ይወርዳል። ነገር ግን የድጋፍ ደብዳቤው ማኅተም አልነበረውም፤ ማኅተም ያዧም ሦስት ሰዓት ሳይሆን ቢሮዋን አትከፍትም። በዚህ አገር ያለ ማኅተም ሰው ጉባኤ ቀርቶ ጎረቤቱ ቤት አይገባም። ሚኒባሱ ከደብረ ታቦር የወጣው አራት ሰዓት አልፎ ነው።

ወረታን አልፈው ሐሙሲት ሲገቡ መንገዱ በሰውና በአህያ፣ በሽንኩርት ጆንያ ተጨናንቋል። ሾፌሩ ክላክሱን እየነፋ ከእግረኛ እኩል ይሄዳል።

«መምህር፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» አለች ሕሊና። «አባቴ ድንች ተራ ይኖራል። ሸሚዜን ላሳየው።»

«ረፍዶብናል። ስንመለስ ታሳዪዋለሽ።»

«አምስት ደቂቃ እኮ ነው!»

«ሕሊና፣ አይሆንም አልኩሽ!»

ጥቂት እንደሄዱ ግን አንገቷን በመስኮት አውጥታ ጮኸች፤ «እትየ የሺ! እትየ የሺ!» የሺ የእናቷ ጎረቤት ናት፤ ሕሊናን አዝላ ያሳደገች። ጧፍና ጨው ይዛ ከገበያው ስትወጣ ነው። ሾፌሩ ዘመድ ሲጠራራ አይቶ የሚያልፍ ዓይነት ሰው አልነበረምና አቆመ፤ ሕሊና ዘላ ወረደች።

ሙሉሰው ከመቀመጫው ሆኖ አየ። የሺ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው። የጠራቻት ማን እንደሆነች ስታይ የያዘችውን መሬት ጣለችና ነጠላዋን በጥድፊያ ገልብጣ አስተካከለች። ፊቷን በመዳፏ አበሰች፣ ፈገግ ለማለትም ሞከረች። መንገድ ላይ መርዶ እንዳታሰማ ነው። ያቺ ሴት በዚያች ቅጽበት ያደረገችው፣ እሱ ሁለት ቀን ሙሉ አደረግሁት ብሎ ራሱን ሲያታልልበት የነበረው ነገር ነው።

«የኔ ልጅ! የኔ ልጅ!» አገላብጣ ሳመቻት፣ አልለቅም አለቻት። «አዲስ አበባ አይደለሽም ወይ? ማክሰኞ ሌሊት ሄዳለች አሉን እኮ።»

«ማክሰኞ? ማነው ያለው? እኛ ዛሬ ነው የተነሣን።»

የሺ አፏን በእጇ ያዘች። ዓይኗ በልጅቷ ትከሻ ላይ አልፎ መምህሩን ፈለገ። ሕሊና መሬት የወደቀውን ጧፍ አየች፣ የሺን አየች፣ ያበጠ ዓይኗን አየች። አገር ቤት ያደገ ልጅ ሐዘንተኛ ሲያይ አይስትም።

«ማነው?» አለች። «እትየ፣ ማነው? እናቴ ናት?»

«እናትሽ ደኅና ናት» አለች የሺ።

ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋትም። ሕሊና አልጮኸችም። መንገዱ ዳር፣ አቧራው ላይ ቁጭ አለች፤ የሺም አብራት ተቀመጠችና ነጠላዋን መልሳ አዘቀዘቀች። የገበያው ሴቶች ማንም ሳይጠራቸው ከበዋቸው ማልቀስ ጀመሩ። ሙሉሰው ወርዶ አጠገባቸው ቆመ፤ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው።

«መቼ ተቀበረ?» አለች ሕሊና። የጠየቀችው እሱን ነው።

«ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት።»

«እርስዎ መቼ ሰሙ?»

«ማክሰኞ… ሁለት ሰዓት ላይ።»

«እደርስ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «መምህር፣ እደርስ ነበር እኮ። አባቴ ከኔ ሌላ ልጅ የለውም። አፈር ያለበሰው ማነው?»

ታሪኩ የሚሆነው ግራ ገብቶት እያለቀሰ፣ ናሙናውን ይዞ ብቻውን ወደ ባሕር ዳር አለፈ። ሙሉሰው ከሴቶቹ ጋር ወደ መንደሩ በሚወጣው መኪና ተሳፈረ። ና ያለው ሰው የለም፤ መቅረትም አልሆነለትም።

ዕለቱ የካሳው ሣልስት ነበር። ዳሱ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ካሰች ልጇን ስታይ ተነሥታ ወደቀችባት፤ ያን ልቅሶ መንገር አይቻለኝም። ረገብ ሲል ካሰች ዓይኗን ስታዞር መምህሩን በር ላይ ቆሞ አየችው። ሰውን እየገፋች መጥታ ሁለት እጁን ያዘችና ሳመችው።

«እግዜር ያክብርዎ» አለች። «ሙላቴ ‹ውድድሯን ሳትጨርስ አይነግሯትም› ብሎኝ ነበር፤ አንቱ ግን አንጀትዎ አልቻለም። ያን ያህል አገር ከሄዳችሁ በኋላ መልሰው አመጡልኝ። ‹ሩቅ ሆና ነው እንጂ ትደርስ ነበር› እያልሁ ነው ሁለት ቀን የዋልሁ። ሩቅ ባትሆን እንዴት እችለው ነበር!»

የሺ አንገቷን ደፋች። ሙሉሰው አሁን ካልተናገረ ሰው እንዳልሆነ አወቀ።

«እትየ ካሰች» አለ፣ «እኔ እኮ…»

«አዎ እናቴ» አለች ሕሊና ከኋላ። ተነሥታ በመሐላቸው ገባች፤ የእናቷን እጅ ከእሱ እጅ ላይ አነሣችው። «በጣም ሩቅ ሄደን ነበር። አላስችል ብሏቸው ነው ያመጡኝ።»

እስከ አጥሩ በር ሸኘችው፤ እንግዳ ሳይሸኝ አይወጣምና። እዚያ ሲደርሱ «ይቅር በይኝ» አላት።

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አለች ሕሊና ሳታየው። «እሷ የተጽናናችበትን ለመንጠቅ አቅም የለኝም። እርስዎም እንዳይነግሯት። ዕድሜ ልኬን መዋሸቴ ነው እንግዲህ።»

ተመልሳ ገባች። ሙሉሰው ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ከውስጥ የካሰች ድምፅ ይሰማል፤ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ትጠይቃታለች፤ እስከየት ደርሳችሁ ነበር? የት ላይ ነገሩሽ? ማን ደገፈሽ?

«ደጀን ላይ ነው፣ እናቴ» ትላለች ሕሊና። ደግሞ ቀጠለች፤ «መሽቶ ነበር። ምግብ ቤት ገብተን ነበር። መምህር ወደ ውጭ ጠሩኝ።»