መሪጌታ የደገሙት ጸሎት

ከዚህ በታች የጻፍሁት ሁሉ፣ እንጦጦ ማርያምን፣ እውነት ነው። ንባብ ሳልጨርስ ከየኔታ ዘንድ የኮበለልሁ ሰው ብሆንም፣ ያን ቀን የበሽተኛውን እግር የያዝሁት በእነዚህ በሁለት እጆቼ ነው።

ነገሩ በሺህ ስምንት መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ከእንጦጦ ጥድ ሲወርድ አንዱ ግንድ ተንከባሎ የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያትን እግር ጨፈለቀ። በሳምንቱ እግሩ ጠቆረ፤ ሽታው ከደጅ ይመልሳል። ካልተቆረጠ መሞታቸው ነው። ሚስታቸው እሜቴ የማርያምወርቅ የቀበናውን ወጌሻ ጉተማን አስጠሩ።

ጉተማ ስሙን ለማንም የማይነግረው ሥር ነበረው። በጠጅ በጥብጦ ያጠጣው ሰው ይተኛል፤ ቢላ አይሰማውም። መጠኑን ለማግኘት ሦስት ዓመት ፈጀበት። መጀመሪያ በበግ ሞከረው፤ በጉ ቆዳው ተገፎ ካለቀ በኋላ ነቅቶ ቀበናን በሩጫ ተሻገረ። ቀጥሎ በራሱ ሞከረው፤ ሁለት ቀን ከግድግዳ ጋር ሲጣላ ከረመ። ከዚያ ስድስት በሽተኞችን አጠጣ፤ የእያንዳንዱን መጠን በበትሩ ላይ ጭረት እያደረገ አኖረ። የእንቅልፉ ጥልቀት መለኪያ ምላስ ነው። ከስድስቱ አንዱን፣ ነገሳ የሚባለውን ገበሬ፣ ላሞቹን በስም አስጠራው፤ ሦስተኛዋ ላይ ምላሱ ሲተሳሰር ጣቱን ቆረጠለት።

"መሪጌታ፣ እርስዎስ ምን ይሉልኛል?" አላቸው ጉተማ።

"ላም የለኝ። የዘወትር ጸሎቴን ልድገም።"

"ይሁን። ዝም ሲሉ እጀምራለሁ።"

"ዝም ሳልል ብትጀምርስ?"

"ያኔስ ጸሎት የሚያሻኝ እኔ ነኝ።"

ሳቅን። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ሥሩ ከተበጠበጠበት ጠጅ አንድ ቀንድ ሙሉ ጠጡ፤ ይደግማሉ። ሁለተኛውን ጠጡ፤ ይደግማሉ፣ ቃል አይስቱም። ነገሳን የጣለው አንድ ቀንድ ተኩል ነበር። ጉተማ ላቡን ጠርጎ ሦስተኛውን በጉሮሯቸው አንቆረቆረ። ይደግማሉ። የያዝሁት እግር ግን፣ ደህነኛው ጭምር፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘብኝ።

እሜቴ የማርያምወርቅ ለቁስሉ መተኮሻ ቅቤ ሲያፈሉ ቆይተው ገቡ።

"ምን ትጠብቃለህ? ቅቤው ፈላ።"

"እየደገሙ እንዴት ልቁረጥ፣ እሜቴ? ነቅተዋል እኮ።"

"ጉተማ፣ እሳቸው ተኝተውም ይደግማሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሌሊቱን ያስነጉኛል። ስንት አጠጣሃቸው?"

ጉተማ በትሩን አየ፤ እንዲህ ያለ ሰው በበትሩ ላይ የለም። ቢላውን አነሣና ቸኩሎ ቆረጠ። ደሙ ለመውጣት ያመነታ ይመስል ነበር። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ደረታቸው አይነሣም፣ ጸሎቱ ግን ይሰማል። ከዚያ ከአንድ ቃል መካከል ቀረ። ጉተማ ጆሮውን ደረታቸው ላይ አኑሮ ቀና ሳይል ቆየ።

በሦስተኛው ቀን መሪጌታ ዓይናቸውን ገልጠው በሶ አምጡልኝ አሉ።

አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፦ በሦስተኛው ቀን ዓይኑን የገለጠም፣ በሶ የጠየቀም ሰው የለም።