ሁለት ሰው አምጪ

ጋሼ አሥራት በጎማ መፍቻ መጀመሪያ ያወረደው የቆንጂትን ኮሮላ የፊት መስታወት ነው። ከዚያ የጎኑን። ሦስተኛው ምት ጣሪያዋን ሲያጎደጉደው አላርሟ ኡኡ አለ። ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ኮሎምበስ ዳር፣ ብሌንደን ታውንሺፕ፣ የአፓርታማው ፓርኪንግ ላይ አስቤዛ ሲያወርድ የነበረ ሰው ሁሉ ላስቲኩን እንዳንጠለጠለ ደርቆ ቀረ።

"ማሚ፣ መኪናሽ እኮ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ሽማግሌ አይመታም በይው" አለች ሩሃማ ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስትፈራ ምላሷ ይረዝማል።

እናቷ ቆንጂት አልሳቀችም። ጋሼ አሥራት የጎማ መፍቻውን ይዞ ደረጃውን ጀምሮታል።

"ናይን ዋን ዋን ልደውል?"

"እንዳትሞክሪ! ፖሊሶቹ ብረት የያዘ ጥቁር ሰው ሲያዩ መች ስሙን ይጠይቁታል? አስገድለሽው ልትኖሪ ነው?"

ነገሩ የጀመረው ከአራት ወር በፊት ነው። እዚያው አጠገብ ፒከሪንግተን የሚኖር፣ ጥርሱ ከመኪናው በላይ የሚያበራ ልዑልቃል የሚባል ሰው "የበረከት ክበብ" ብሎ አንድ ነገር አመጣ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዶላር በክሪፕቶ፣ በኢንተርኔት ገንዘብ፣ "ስጦታ" ትልካለህ፤ ሁለት ሰው ታመጣለህ፤ እነሱም ሁለት ሁለት ያመጣሉ። ክበቡ መሐል ስትደርስ ስምንት ሰው ይልክልሃል፤ አሥራ ሁለት ሺህ ታፍሳለህ። ቆንጂት እንደ እቁብ ቆጠረችው። እንደ እቁብ ስለቆጠረችውም እንደ እቁብ ዋስ ሆነች። "ለጋሼ አሥራት እኔ አለሁ" ብላ በሰው ፊት ማለች። እሱም የትራኩን ክፍያ ይዞ መጣና አራት ቦታ ገዛ።

እቁብ ግን አዲስ ሰው ባይገባም ዙሩ ያልቃል፤ ሁሉም በተራው ይበላል። ይሄኛው በየቀኑ አዲስ ሰው ካልበላ ይሞታል። ሩሃማ አንድ ቀን ፒዛ ካርቶን ላይ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለች ወደ ታች ስትጽፍ፣ ሃያኛው መስመር ላይ የኮሎምበስ ሕዝብ በሙሉ አለቀባት። ካርቶኑን ለእናቷ ብታሳያት "አንቺ ደግሞ ሟርተኛ!" ተባለች።

ሟርተኛዋም ንጹህ አይደለችም። ትልልቆቹ አፑን ስለማይችሉት፣ ዋሌቱን፣ የክሪፕቶውን ቦርሳ፣ ስልካቸው ላይ ስትጭን የከረመችው እሷ ናት፤ በሰው ሃያ ዶላር። ካርቶኑን ከጻፈች በኋላ እንኳ ሦስት ሰው ጭናለች። ጫማ አምሯት ነበር።

የአሜሪካ በር በር አይደለም፣ ካርቶን ነው። ጋሼ አሥራት በሦስት ምት ከነማጠፊያው ነቅሎት ገባ።

"ጋሼ፣ እንረጋጋ—" አለች ቆንጂት።

ቴሌቪዥኑን ለሁለት ከፈለው። ከዚያ ቆንጂትን በጸጉሯ ጎትቶ፣ አፍንጫዋን ከግድግዳው አላትሞ ኩሽና አስገባት፤ ክንዷን የጠረጴዛው ድንጋይ ላይ አስተኝቶ በጉልበቱ ተጫናት።

"ክፍያ ቀርቶብሃል ብለው ትናንት ትራኬን ወሰዱት። ትራኬን! የቀረችኝ ይቺ ብረት ናት። ልዑልቃል ምን አለኝ መሰለሽ? 'ሁለት ሰው ጎደለህ፣ ሁለት ሰው ሲገባ መሐል ነህ።' እኔ የማውቀውን ሰው ጨርሻለሁ። አንቺ አምጪ። ዋስ ነሽ!"

"አመጣለሁ! ዛሬ አመጣለሁ! ሃጀር አለች፣ ሃጀር ሦስት ሺህ አላት፣ ሁለት ቦታ ትይዛለች!"

ሩሃማ ከመስኮቱ ወደ ኩሽናው ሮጠች። ሃጀር ታች ቤት ያለችው ጎረቤታቸው ናት። ከወሎ በዲቪ ከመጣች አምስት ወሯ ነው፤ ከቆንጂት ጋር አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ትሠራለች። ሦስት ሺው ልጇን የምታመጣበት ቲኬት ነው።

ሃጀር ደግሞ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጥታ ነበር። ባዶው በር ላይ ቆመች።

"እትዬ ቆንጂት፣ ኧረ ምንድን ነው?"

ጋሼ አሥራት ቆንጂትን ለቀቀና ብረቱን ከጀርባው ደበቀ። "ደህና ዋልሽ፣ ልጄ?" አለ፤ እንግዳ ፊት የሚያፍር ሰው!

"ምንም አይደል፣ ግቢ ግቢ" አለች ቆንጂት። ከአፍንጫዋ የሚወርደውን ደም በእጇ ጠረገች። "ያ ያልኩሽ ክበብ… ዛሬ ሩሃማ ትጭንልሻለች። ስልክሽን ስጫት።"

ሃጀር የተሰበረውን ቲቪ አየች፣ ደሙን አየች፣ ምንም አልገባትም። ያመነችው ሰው ስለሆነ ግን ስልኳን ዘረጋች። ሩሃማ ተቀበለቻት። ከኋላ የብረቱ ጫፍ የእናቷን ጀርባ ሲወጋ አየች። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ሁሉም ይተርፋል፤ ከሃጀር በስተቀር።

"ሃጀርዬ" አለች፣ ስልኩን መልሳ እየዘረጋች፤ "ይሄ ሌብነት ነው። እኔም ሌባ ነኝ። ስልክሽን ያዢና ሩጪ።"

ብረቱ ወረደ። የእናቷ ክንድ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ሩሃማ ዘላ ጀርባው ላይ ወጣችና ጆሮውን ነከሰችው፤ ጨው ጨው አላት። በክርኑ አፏን ሲላት ወለሉ ላይ ተዘረጋች።

"ጫኝላት!" አለ እላይዋ ላይ ቆሞ።

ሩሃማ ጥርሷን ከነደሙ ተፋችው። "አልጭንም።"

"እገድልሻለሁ!"

"ግደለኛ! ያኔ ማን ይጭንልሃል?"

ብረቱን ዳግም አነሳ። ቆንጂት የተሰበረ ክንዷን በሆዷ አቅፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ተነሳች። ሌላኛውን እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

"አሥራት። ወደዚህ ዙር።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ሳትለው ቀረች።

"ዋስ እኔ ነኝ፣ ልጄ አይደለችም። ያለኝ ይሄ ነው፤ ምታ። የሃጀርን ግን አታገኝም። ባፌ አምጥቻት ነበር፣ ባፌ መልሻታለሁ።"

መታ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ስድስት ጊዜ፤ ከእጇ አንድ ስንዝር እየራቀ። የድንጋዩ ፍንጣሪ ፊታቸው ላይ በረረ፤ ሃጀር ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታለቅሳለች። ብረቱ ራሱ ከእጁ አምልጦ ወደቀ።

"ስድስት ሰው አስገብቻለሁ" አለ፣ ጆሮው እየደማ። "ለሁሉም 'እኔ አለሁ' ብያቸዋለሁ። ነገ እኔ ቤት ነው የሚመጡት። ቤት ደግሞ ሁለት ሕፃናት አሉ።"

ሃጀር ሻርፗን ፈትታ የቆንጂትን ክንድ ማሰር ጀመረች። ሩሃማ ብረቱን በእግሯ ገፍታ ከፍሪጁ ሥር ከተተችው። የራሷን ስልክ አወጣች፤ ስክሪኑ ላይ የነበረው ደም የማን እንደሆነ አልታወቀም።

"ሳይመጡ እንደውልላቸው። ገና ሰው ፍለጋ ላይ ናቸው አይደል? እንዲያቆሙ እንንገራቸው። የጫንኩላቸው እኔ ነኝ፣ እኔው እነግራቸዋለሁ።" አፏ አብጦ ቃሉ ይንሸራተትባታል። "የመጀመሪያው ማን ነው?"

ጋሼ አሥራት የሚደማ ጆሮውን በመዳፉ ያዘ።

"ያደታ" አለ። "ወንድሜ ነው።"