ሳፋ ውስጥ የቀረ ሰላምታ

ፊቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የነከረ ሰው፣ እንደ ጠላቂ ዋናተኛ የልቡ ምት ይረጋጋል። ኢቢሳ ይህን ለጥናቱ ሊለካ ነቀምቴ ላይ ሳፋ ሙሉ ውኃ አቀረበ። የመጀመሪያዋ ተለኪ እትዬ በዛብሽ ግን ትንፋሻቸውን ይዘው ፊታቸውን በነከሩ ቁጥር አንዱ ይገባና በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብሎ እንዴት እንዳሉ ይጠይቃል፤ እሳቸውም ውኃ እያንጠባጠቡ ቀና ብለው «ነጋ» ሲሉ ደህና መሆናቸውን ይመልሳሉ። በአራተኛው ኢቢሳ ቀና እንዳይሉ አስማላቸው። የልብ ምታቸው ከሰማንያ ወደ ስልሳ ወረደ።

ደስ ብሎት ባለተራዋን፣ ጎረቤታቸውን አዴ ድርቤን ለካ። ፊታቸው ገና ውኃ ሳይነካ መቶ ሠላሳ።

«ምን ሆነው ነው አዴ?»

«ስገባ ሰላም ብያት ዘጋችኝ። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነበረች።»

«እኔ መች ዘጋሁሽ? ይኼ ነው ያስማለኝ» አሉ በዛብሽ።

ሁለቱም ወደ ኢቢሳ ዞሩ። እሱም ትንፋሹን ያዘና ፊቱን ሳፋው ውስጥ ነከረ።