በሃዊ ስም

ስልኩ ሲጮኽ ሃዊ እንደ ልማዷ እጇን ሰደደች። ዶክተር ዘርዓብሩክ ግን ከሕክምና ክፍሉ በር ላይ ሆኖ፣ «ተዪው፣ እሷ ታንሳው» አላት።

በድምፅ ማጉያው የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ጥርስ ክሊኒክ ነው። ሃዊ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?»

ሃዊ ክው አለች። ዶክተሩ ደንበኞች ግር እንዳይላቸው ብሎ ስልኩ በእሷ ስም እንዲመለስ እንዳደረገ እየሳቀ አስረዳት። ልጅቱ ጽጌረዳ ትባላለች፤ አንድ ኤጀንሲ ነው ያገናኛቸው። ሃዊ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ጽጌረዳ ደብረ ብርሃን ቤቷ ተቀምጣ በኮምፒውተር ቀጠሮ ትይዛለች። እስከዚያው ስልኩን እየተጋሩ ሃዊ ታለማምዳታለች።

«ሥራሽ እንደሆነ የትም አይሄድም» አላት፣ ሳትጠይቀው። ትናንትም ብሏት ነበር። ሃዊን ያስፈራት ይኼ መደጋገሙ ነው።

ረፋድ ላይ አንድ አናጢ መጥቶ ጠረጴዛዋ ያለበትን ቦታ ለካና ግድግዳውን በእርሳስ አሰመረ። ሁለተኛ የጥርስ ወንበር ሊገባ ነው። ስትመለስ የት እንደምትቀመጥ ዶክተሩን ብትጠይቀው፣ ያኔ እናየዋለን አላት። ባሏ ቦና ሥራ ከፈታ ወዲህ የቀጨኔው ቤት ኪራይ የሚከፈለው በዚህች ጠረጴዛ ነው። ቦናም ጠዋት ስትወጣ ሁሉን እንዳታስተምራት፣ ኦሮምኛውን እንኳ ለራሷ እንድታስቀር መክሯት ነበር። ከእንጦጦ ወዲያ የሚመጡት ታካሚዎች የሚፈልጓት ለዚያ ነውና።

ከምሳ በኋላ ግን ዶክተሩ ያንንም እንድታስተምር አዘዛት። ደውላ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳስያዘቻት፣ ከጽጌረዳ ድምፅ ጀርባ ቀጭን ለቅሶ ተሰማ።

«ቴሌቪዥን ነው» አለች ጽጌረዳ ቶሎ ብላ።

«የሚጠባ ልጅ ነው እንጂ።»

ጽጌረዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ በናትሽ ለማንም እንዳትነግሪብኝ። ገና ክርስትና እንኳ አልተነሳችም። መውለዴን ኤጀንሲው ካወቀ በቃ፣ በሌላ ነው የሚተካኝ።»

ሕፃኗን የጽጌረዳ እናት ጓዳ ይዘውላት፣ እሷ በየጥሪው መሃል እየሮጠች ታጠባለች። ሃዊ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ከዚያ በራሷ አፈረች፤ ሆዷንም በመዳፏ ያዝ አደረገች።

አመሻሽ ላይ ዶክተሩ ፊቱ ጠቁሮ ወጣ። «አንዲት ታካሚ ቀጠሮ ሲያስይዙ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምተው ደውለውልኛል። ከልጅቱ በኩል ከሆነ ይኼን የርቀት ነገር ዛሬውኑ አቆመዋለሁ። ለጊዜው እዚሁ ሰው እንቀጥራለን፣ ጠረጴዛሽም ባለበት ይቀመጣል።»

ሃዊ የእርሳሱን መስመር አየች። ከሷ የሚጠበቀው እውነቱን መናገር ብቻ ነበር። ቦና አጠገቧ ቢኖር ምን እንደሚላት አላጣችውም።

«ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ፣ ዶክተር» አለች። «ልጅ ያዘሉ እናት እዚህ አጠገቤ ቆመው ነበር።»

ዶክተሩ ተነፈሰ። እንዲያ ከሆነ አናጢው ነገ ይጀምር ብሎ ተመለሰ። ሃዊ ያደረገችውን ታውቀዋለች፤ መመለስም እንደማትችል ታውቃለች። በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ በእጅ ስልኳ የክሊኒኩን ቁጥር መታች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጥርስ ክሊኒክ ነው። ሃዊ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?»

ሃዊ ጴንጤ ናት፤ በቤታቸው አራስ በማርያም ስም አትጠየቅም። አራስ ግን አራስ ናት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት። «ስታለቅስብሽ መስመሩን ወደ እኔ መልሺው። እስክወልድ ድረስ አለሁ።»