ለቀሩት የተሰበከ ስብከት

ባለቤቴ መጋቢ ነው። እኔ ሳገባው የቸርቻችን አዳራሽ ሰዉን አይችለውም ነበር፤ ያረፈደ ሰው በመስኮት አንገቱን አስግጎ ነበር የሚሰማው። ኋላ ኋላ ግን ሰዉ እየሳሳ ሄደ። አንዱ ሥራ ፍለጋ ራቀ፣ አንዱ ተቀየመ፣ አንዱ ዝም ብሎ ቀረ። ባለቤቴ ከኋላ ያሉትን አግዳሚ ወንበሮች አውጥቶ መጋዘን ከተታቸው። "ሰዉ ሲጠጋጋ ሞልቶ ይታያል" አለኝ። አልታየም።

እሑድ ቤት ሲገባ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። "ምን አጎደልኩ?" ይለኛል። "ጫማህን አውልቅ" እለዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ መከሩ። ከመካከላቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ለሁሉ ነገር ፕሮግራም ስለሚያወጡ ሰዉ "ጋሼ ፕሮግራም" ይላቸዋል። ለቀብር ፕሮግራም አውጥተው ሟቹን "አረፈድክ" ሊሉት ምንም አልቀራቸውም እየተባለ ይቀለድባቸዋል፤ እሳቸውም ሰምተው ይስቃሉ።

"ዘመኑ የድምፅ ነው" አሉ። "ወጣቱ ጭፈራ ቤት የሚሄደው ሙዚቃው አጥንቱ ድረስ ስለሚገባ ነው። የኛ ሞንታርቦ እኮ ጉንፋን የያዘው ይመስላል!"

ተሳቀ፤ ተስማሙም። አዳዲስ ሞንታርቦዎች መጡ። ከፊሎቹ ከውስጥ፣ ከፊሎቹ ከበሩ በላይ ወደ ውጭ ዞረው ተሰቀሉ። "አልገባም ያለም ይስማ!" አሉ ጋሼ ፕሮግራም። ለጥቂት ሳምንት የሰፈሩ ሰው ምንድነው ብሎ መጣ። አየ፣ ሰማ፣ ሄደ።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ባለቤቴ መድረክ ላይ ወጥቶ ባዶውን ወንበር ቃኘ፤ ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ያዘጋጀውን ትቶ ስለቀሩት መናገር ጀመረ።

"በችግራቸው ጊዜ ጸለይንላቸው፣ ልጆቻቸውን ዳርንላቸው፣ ዛሬ ጀርባ ሰጡን! አንድ ልብስ ሰፊ ነበረን፤ ይህን መጋረጃ የሰፋ፣ የመዘምራኑን ልብስ የሰፋ። አሁን የት ነው? መርፌው ከአምላኩ በለጠበት!"

እኔ ቀና ማለት አቅቶኝ ጉልበቴን አያለሁ። ስብከቱ ሳያልቅ በሩ ተከፈተ። የልብስ ሰፊው እህት ነበረች፤ በቤት ጫማ፣ እጇ እስከ ክንዷ ሳሙና እንደሆነ። መጥታ መድረኩ ሥር ቆመች። አልጮኸችም።

"መጋቢ፣ ወንድሜ እየሰማዎት ነው" አለች። "ቤታችን ከአጥሩ ጀርባ ነው። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለው ሰነበተ፤ አንደበቱም ተይዟል። ሞንታርቦውን ከሰቀላችሁ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ትራሴን ከፍ አድርጊልኝ ብሎ በእጁ ያሳየኛል። ዛሬም ከፍ አድርጌለት ነበር። አሁን እያለቀሰ ነው። እባክዎ፣ ወይ ስለ እሱ ማውራቱን ይተዉት፣ ወይ ያጥፉት።"

ባለቤቴ ማይኩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ትንፋሹ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። ጋሼ ፕሮግራም ተነሥተው ማጥፊያውን ተጫኑት።

እሳቸው፣ ባለቤቴና እኔ ተከትለናት ሄድን። ከአጥሩ ጀርባ! በየሳምንቱ በበሩ እናልፍ ነበር እኮ። ስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሶ የመድኃኒት ማስቀመጫ ሆኗል። ልብስ ሰፊው ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር፤ አሁን ብርድ ልብሱ ሥር ሰው መኖሩም አያስታውቅም። ባለቤቴ አልጋው ሥር ተንበረከከ።

"ወንድሜ፣ አላወቅኩም። ይቅር በለኝ።"

ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ምነው ሳትነግሩን?" አሉ ጋሼ ፕሮግራም፣ ቆጣ ብለው።

"ነግሬያለሁ" አለች እህቲቱ። "የታመመ ሰሞን በራችሁ ላይ ላገኘሁት ሰው ነገርኩ። እንጸልይለታለን አለኝ።"

ማን እንደሆነ አልጠየቅናትም። እሷም አልነገረችን።

ባለቤቴ በማግስቱ ተመልሶ ሄደ። ፊት ነሣው። ደግሞ ሄደ። አይሰብክም፣ መጽሐፍ አይገልጥም። እህቲቱ ስታገላብጠው በወዲያ በኩል ይይዝላታል፣ አንሶላ ያጥባል፣ ጢሙን ይላጨዋል። አንድ ቀን እየላጨው ሳለ ልብስ ሰፊው በደህናው እጁ የባለቤቴን ኮት እጅጌ ያዘና ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ስፌቱ ተተርትሮ ነበር። "ምን ዓይነቱ ነህ" በሚል ሁኔታ ራሱን ነቀነቀ፤ አፉም በአንድ ወገን ፈገግ አለ። ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ጋሼ ፕሮግራምም ያለ ፕሮግራም የቀሩትን ሰዎች በር ማንኳኳት ያዙ። አንዲት እናት ልጇን ከቀበረች ወዲህ ከኛ ወገን ደጇን የረገጠ ሰው እንደሌለ ነገረቻቸው። አንድ ጎልማሳ ወንበር ስቦላቸው፣ "ጋሼ፣ እኔ እንኳ ማመኑን ትቻለሁ። እርስዎ ግን ብቅ ይበሉ" አላቸው። ብቅ ይላሉ።

ልብስ ሰፊው አልተነሣም። አንድ ጠዋት እህቱ ልብስ ልትቀይርለት ስትገባ ዐርፎ አገኘችው። አስከሬኑን ያጠበው ባለቤቴ ነው። ቀብሩ ላይ ከቀሩት ብዙዎቹ መጥተው ነበር። ጋሼ ፕሮግራም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "እሑድ ይመጡ ይሆን?" አሉኝ፤ ወዲያው በራሳቸው አፈሩ።

አልመጡም። ለጥቂት ሰው ያ ሁሉ አዳራሽ ቢከብደን ለቀቅነው፤ አሁን በኛ ሳሎን ነው የምንሰበሰበው። እህቲቱም አልመጣችም። ባለቤቴ ግን እሷ ዘንድ መሄዱን አልተወም። ባለፈው አብሬው ሄድኩ።

"መጋቢ፣ ከእንግዲህ አይድከሙ" አለችው። "ወደ ቸርች አልመለስም። ልቤ እምቢ አለኝ።"

"ልመልስሽ አልመጣሁም እህቴ።"

"ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?"

ባለቤቴ የከሳ ፊቷን አየ። "ዛሬ እህል ቀምሰሻል?" አላት።

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ከዚያ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። እሱ አጠገቧ ተቀመጠ። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ድንች መላጥ ያዝኩ።