ዳንቴል የለበሱት መቅጃዎች

እናት ስለ ልጇ መጨነቅ የጀመረችው ልጅቷ ከመወለዷ በፊት ነው። ልጅቷ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ በየሱቁ ካሜራ የምትሰቅል ባለሙያ ከሆነች በኋላም ጭንቀቱ አልቀነሰም። እንዲያውም መሰላል ተጨመረበት።

በዚያ ሳምንት ደግሞ መጨነቂያ ሞልቶ ነበር። ልጅቷ ከቀድሞ አለቃዋ ተለይታ በራሷ ስም የያዘችው የመጀመሪያ ሥራ ነው። አራት ጫማ ቤቶች ያሉት አንድ ነጋዴ፣ ካሜራዎቹ የሚያዩትን የሚያስቀምጡትን አሮጌ መቅጃዎች በአዲስ እንድትቀይርለት ተስማምቷል። ሠራተኞቹ ከጀርባው «አርባ አምስት» ይሉታል፤ የእግሩ ቁጥር ነው። በአራቱም ሱቆቹ ለእሱ እግር የሚሆን ጫማ ስለማይገኝ፣ ሰውየው ተደብቆ ተፎካካሪው ዘንድ ነው የሚገዛው።

«ሦስት ቀን እሰጥሻለሁ» አላት አርባ አምስት። «ከሰኞ ስድስት ሰዓት እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት፣ አራቱም ሱቆች ቢሮዬ ስክሪን ላይ ሳይቋረጡ ከታዩኝ ፈርሜ እረከብሻለሁ። አንዱ ከጠፋ ግን ነቅለሽ ትሄጃለሽ፤ የድሮ አለቃሽን እጠራለሁ።»

የድሮ አለቃዋ ማለት ስትለቅ «በወር ውስጥ መሰላልሽን ተሸክመሽ ትመለሻለሽ» ያላት ሰውዬ ነው። እናት ይህን ከሰማች ወዲህ መሰላሉን ባየች ቁጥር ታማትባለች።

አሮጌዎቹ መቅጃዎች መቀየር እንዳለባቸው የሚከራከር አልነበረም። የዋናው ሱቅ መቅጃ ሰዓቱ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ማክሰኞ ላይ ቆሞ ቀርቷል። የመናኸሪያው ሲከፈት ውስጡ አይጥ ወልዳ ተገኘች፤ ልጆቿም ደህና ነበሩ። የገበያው ደግሞ ሰውን ሁሉ እንደ ጭስ ነው የሚያሳየው። አምና አንድ ሌባ በር ላይ ለማሳያ የተደረደሩ አሥራ አራት የግራ እግር ጫማዎች ይዞ ሲሄድ ተቀድቶ ነበር። ፖሊሱ ምስሉን አየ አየና «ይሄ ሰው ነው ወይስ መጋረጃ?» ብሎ ጠየቀ።

አዲሶቹ መቅጃዎች ከመገጠማቸው በፊት ሁለት ቀን እቤት ሶፋው ላይ ተደርድረው ሰነበቱ። እናት በአጠገባቸው የምታልፈው የተኛ ሕፃን እንዳለበት ክፍል በእግሯ ጣት ነበር። ጥቁርና የሚያብረቀርቁ ናቸው፤ ጎናቸው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል።

«ሚጣዬ፣ ይሄ ሁሉ ቀዳዳ ምንድነው?»

«መተንፈሻው ነው፣ እማ።»

«አቧራ አይገባበትም?»

«ይገባል። ምን ይደረጋል?»

ይህ «ምን ይደረጋል» እናት ሆድ ገብቶ ቁጭ አለ። በእሷ ቤት አቧራ ገብቶበት ምን ይደረጋል የተባለ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል። የስልኩ ቻርጀር እንኳ ትንሽ ኮፍያ አለው።

ልጅቷ ስትወጣ መነጽሯን አድርጋ አንዱን መቅጃ አገላብጣ አየችው። ራሱ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል። ጽሑፉ የባዕድ ፊደል ነው። እሷ ደግሞ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ የራሷን ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና ስምንት ወሯ ነው። ቢሆንም አስተማሪዋ «ማንበብ ያቃታችሁ ነገር ሲያጋጥም ሥዕሉን ተመልከቱ» ትላለች። ተመለከተች። ሥዕሉ ላይ ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጓል፤ ጨርቁ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ቀይ መስመሮች ተሻግረዋል።

«ይኸው!» አለች ለራሷ። «ፋብሪካው ራሱ አልብሱት ብሏል፤ ያውም በቀይ ክር!»

ኪሮሿን አነሳች። በአራት ቀን አራት ዳንቴል ሠራች፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም በላያቸው ቀይ ክር የተሻገረባቸው። ዳንቴል ግን ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳ ደግሞ አቧራ ያስገባል። ስለዚህ ከስር ገበር አደረገችለት። ለገበር የሚሆን ከአሮጌ ብርድ ልብስ ሌላ አልተገኘም።

ለልጇ አልነገረቻትም። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሥራው ሲፈረም፣ ሁሉም ለብሰው ሲታዩ እንድትደሰት አስባ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ፌስታሏን አንጠልጥላ ወጣች። መቅጃው በየሱቁ ከኋላ ክፍል እንደሚቀመጥ ከልጇ ሰምታለች፤ ሻጮቹ አውቀው ወሬ እንዳያደርሱ ደግሞ አንድ ዘዴ ዘይዳለች። የገበያው ሱቅ ገብታ «ጥቁር፣ ተረከዙ አጭር፣ ሠላሳ ሰባት ቁጥር» አለች።

«ፎቅ ላይ መሆን አለበት እትዬ፣ ቁጭ ይበሉ» ብላ ሻጯ ደረጃውን ወጣች።

እናት ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፤ ሻርፗን እስከ አገጯ ስባ፣ ዳንቴሉን ከፌስታሉ አውጥታ የኋላ ክፍሉን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ገባች። መቅጃው ቁም ሣጥን ውስጥ አረንጓዴ መብራቱን ያርገበግባል። አለበሰችው። ጠርዙን በአራቱም በኩል ወደ ስር ጠቀጠቀችው። «እደግ» ብላ መታ መታ አደረገችው።

ሻጯ ስትመለስ እናት በቦታዋ ተቀምጣለች። ጫማውን ሞከረችው። «ይጠበኛል» አለች፤ እውነቷን ነበር። በሆስፒታል በር ያለውም፣ የመናኸሪያውም ሱቅ በዚሁ መንገድ ለበሱ።

አራተኛው የሚቀረው ዋናው ሱቅ፣ አርባ አምስት ቢሮ ውስጥ ነው። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ደረሰች። በሩን ስትከፍት ግን የልጇ ፊት አመድ መስሏል። አራት ቦታ ከተከፈለው ስክሪን ሦስቱ ጥቁር ሆነዋል።

«መጀመሪያ ገበያው ጠፋ» ይላል አርባ አምስት በጣቱ እየቆጠረ፣ «ቀጥሎ ሆስፒታሉ። አሁን ደግሞ መናኸሪያው፣ ዓይኔ እያየ! ነገ የጫማ ሥራ ብትጀምሪ ተረከዝ ከፊት ትሰፊያለሽ!»

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» አለች ልጅቷ። «ከመጥፋታቸው በፊት የቀዱት ሁሉ ቅጂው እዚህ ይደርሳል። አሮጌዎቹ ይህን አይችሉም ነበር። ምን እንደተፈጠረ እንየው።»

እናት ጥግ ላይ ያለች ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ፌስታሏን ጭኗ ላይ አደረገች።

የገበያው ሱቅ ስክሪኑን ሞላው። አንዲት ሴት ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፤ ሻርፗን ወደ ላይ ስባ፣ ከፌስታሏ ነጭ ነገር አወጣችና መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ሆስፒታሉ፦ ያችው ሴት፣ ያው ሻርፕ። መናኸሪያው ላይ እንዲያውም ከመውጣቷ በፊት በእግሯ ጣት ሁለት እርምጃ ሄደች።

«አገኘኋት!» ብሎ አርባ አምስት ጠረጴዛውን መታ። «ተፎካካሪዬ የላካት ናት! እዪያት እስቲ፣ እንዴት እንደ ድመት እንደምትራመድ! አካሄዷ የለመደ ሌባ አካሄድ ነው፤ ቢያንስ የሃያ ዓመት ልምድ አላት!»

ልጅቷ አንገቷን ቀስ ብላ ወደ ጥጉ አዞረች። እናት ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባለች።

አርባ አምስት ስልኩን አነሳ። «ፖሊስ ነው የምጠራው!»

እናት ብትናገር ልጇን በሰው ፊት ልታዋርድ ነው። ዝም ብትል ደግሞ መቅጃዎቹ እንዳልሠሩ ተቆጥሮ ልጅቷ መሰላሏን ተሸክማ ልትመለስ ነው። ፌስታሏን ይዛ ተነሳች።

«ጌታዬ፣ ፖሊሱን ይተዉት። ቅርብ ነኝ።»

አርባ አምስት ስክሪኑን አየ፤ እሷን አየ፤ እንደገና ስክሪኑን አየ። «እርስዎ ማን ነዎት?»

«እናቴ ናት» አለች ልጅቷ፣ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና።

እናት አራተኛውን ዳንቴል ከፌስታሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ልጅቷ በጣቷ ገበሩን ዳሰሰች። «እማ፣ ብርድ ልብስ አለበስሻቸው?»

«ብርድ ልብስ አይደለም! ገበሩ ብቻ ነው ብርድ ልብስ።»

«ሙቀት ሲበዛባቸው እኮ ራሳቸውን ያጠፋሉ! አታዪም፣ ሥዕሉ ላይ አትሸፍኑ ይላል! ቀዩ መስመር ክልክል ነው ማለት ነው!»

«ታዲያ ክልክል ከሆነ ለምን ሸፍነው ሣሉት?»

«እሱስ እውነቷን ነው» አለ አርባ አምስት ሳያስበው። ወዲያው ግን ጉሮሮውን ጠረገ። «ቢሆንም ሦስት ቀን ሳይቋረጥ ብያለሁ። ተቋርጧል። ቃል ቃል ነው።»

ልጅቷ መፍቻዋን ወደ ቦርሳዋ መክተት ጀመረች። እናት «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔን ይቅጡኝ፤ ከፈለጉ ያሳስሩኝ» ብትል ሰውየው አልሰማትም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ተተክሏል። ምስሉን ወደ ኋላ መለሰ፤ አቆመው፤ አጎላው።

«ቆይ ቆይ። እርስዎ ሠላሳ ሰባት ቁጥር ነው የጠየቁት?»

«አዎ።»

«ውሸት ነው። እግርዎ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ያውም የግራው ትንሽ ይበልጣል።»

እናት እግሮቿን ወንበር ስር ደበቀች። «ይበልጣል» አለች በትንሽ ድምፅ።

«ከካሜራ ላይ የእግር ቁጥር አነበብኩ!» ብሎ አርባ አምስት ብድግ አለ። «ሠላሳ ዓመት በጫማ ንግድ ስኖር እንዲህ ያለ ምስል አይቼ አላውቅም! የዳንቴሉ ዓይን እንኳ ይቆጠራል!» ተረጋግቶ እስኪቀመጥ ጊዜ ወሰደበት። «በሉ ስሙ። ዛሬ አልፈርምም። ሦስቱ ቀን ግን ሁሉም መልሰው ከበሩበት ሰዓት ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ መቅጃዎቹ ራቁታቸውን ሆነው። እርስዎ ደግሞ ያለበሱትን ራስዎ ሄደው ያውልቁ። እኛ ከዚህ እናያለን።»

እናት በእግሯ እየሮጠች ሦስቱንም ዞረች። ልጇ በስልክ እየነገረቻት ማብሪያ ቁልፉን ስትጫነው፣ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ምስል መጣ። በእያንዳንዱ ሱቅ ያወለቀችውን ዳንቴል ለካሜራው ከፍ አድርጋ አሳየች፤ ቀጥሎ ሁለት ባዶ እጆቿን ዘረጋች። መናኸሪያው ላይ መቅጃውን አቧራ ነክቶት ስላየች እጅጌዋን ሰብስባ ልትጠርገው ወደ መጋረጃው ስትመለስ፣ ቢሮ ያሉት ሁለቱ እኩል «አይነካም!» ብለው ጮኹ።

ሦስቱን ቀን እናት ከቤት አልወጣችም። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ልጅቷ የተፈረመውን ውል ይዛ ገባች፤ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ነው የገባው። እናት ተቀብላ አንድ በአንድ አነበበችው። መጨረሻው ላይ አርባ አምስት በእጁ የጨመራት መስመር አለች። ጣቷን ከስሯ እያስኬደች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦

«መቅጃዎቹን… ማንም እናት… አያለብስም።»

ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውንም አየች። ከዚያ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች።

«አክስት አላለም።»

ልጅቷ ውሉን ከእጇ ነጠቀችና እስክሪብቶ ፍለጋ ተነሳች።